ደብዳቤ ከደጃፍ የሚደርሰው በምን ሥርዓት ነው?

ማንበብና መጻፍ የለመደ ሰው አንድ ቀን ደብዳቤ መጻፉ አይቀርም። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ደግሞ መልስ ይጠብቃል። መልሱ በየት በኩል ይመጣል? ማን ያመጣዋል? ቤት ድረስ ይመጣል ወይስ ባለቤቱ ከተማ ወጥቶ ይቀበለዋል? በመንገድ ዝናብ ቢያበሰብሰው፣ ልጅ ቢቀደው፣ ሌላ ሰው ከፍቶ ቢያነበውስ ተጠያቂው ማነው?

ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል። ግን ቀላል አይደለም። የቀጠሮ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ምን ይረባል? ልጅ ከሩቅ አገር የላከው ወረቀት ሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ ወር ቢተኛ እናቲቱ በሐሳብ ታልቃለች። ዛሬ ስልክ ስላለ «ደብዳቤ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስልክ ቃል ቶሎ ያደርሳል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ ግን በስልክ አይላክም። እሱን ሰው ተሸክሞ ያመጣዋል። የሚያመጣውም ሰው የት እንደሚያስቀምጠው ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ፖስታ ሣጥን እናውራ። ሣጥኑ የት ይተከላል? ቁመቱ ስንት ይሆናል? ማን ይከፍተዋል? ይህን ሥርዓት በደንብ ጽፈው ካስቀመጡት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። ሥርዓቱ እዚያ በገጠር የመጣው ገበሬዎች ጠይቀውት ነው። ታሪኩን እንይ፤ ከዚያ ለኛ የሚሆነውን እንለያለን።

ከተሜው በደጁ፣ ገበሬው በእግሩ

በአሜሪካ ፖስተኛ ደብዳቤ ይዞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቤት ለቤት ማደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ይህ ግን ለትልልቅ ከተሞች ብቻ ነበር። የከተማው ሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ደብዳቤውን ይቀበላል። ገበሬው ግን ፈረሱን ጭኖ ወይም በእግሩ ተጉዞ ፖስታ ቤት መሄድ ነበረበት።

ያኔ ገበሬው ጥቂት ነበር እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ1890 ከመቶ አሜሪካውያን 65ቱ በገጠር ይኖሩ ነበር። በቁጥር ወደ 41 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ደብዳቤ መጣ አልመጣ ለማወቅ ሥራውን ይፈታል። ሄዶ «የለም» ይባልና ባዶ እጁን ይመለሳል። አዝመራ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ለሳምንታት የማይሄድ አለ። እስከዚያ ደብዳቤው ፖስታ ቤት ይተኛል።

የቴምብሩን ዋጋ ግን ከተሜውም ገበሬውም እኩል ይከፍሉ ነበር። እንግዲህ ቅሬታው እዚህ ላይ ነው። ዋጋው አንድ ከሆነ አገልግሎቱ ለምን ሁለት ይሆናል?

ተባብረው ጠየቁ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ? በአሜሪካ ግሬንጅ የሚባል የገበሬዎች ማኅበር አለ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። ይህ ማኅበር ደብዳቤ እስከ ገጠር ቤት ድረስ እንዲመጣ አጥብቆ ጠየቀ።

ከመንግሥት በኩልም ሐሳቡን የደገፈ ሰው ተገኘ። እሱም ጆን ዋናሜከር ነው። ከ1889 እስከ 1893 የአሜሪካ ፖስታ የበላይ ኃላፊ ነበር። የሱ ክርክር ገበሬ ሁሉ የሚረዳው ነው፦ ሃምሳ ሰው ሥራውን ፈትቶ ከተማ ከሚወጣ አንድ ፖስተኛ ወደ ሃምሳው ቤት ቢሄድ አይሻልም ወይ? ሃምሳ ሰው ያጠፋውን ቀን ቆጥሩት።

ተቃዋሚም አልጠፋም። አንዳንዱ ወጪው ይበዛል አለ። የትንንሽ ከተማ ነጋዴዎች ደግሞ ፈሩ። ገበሬው ደብዳቤ ሊወስድ ሲመጣ ጨውም ስኳርም ገዝቶ ይመለስ ነበርና። ደብዳቤው ቤቱ ከመጣለት ሱቃችን አይመጣም አሉ። በየመንደሩ ፖስታ ቤት የያዙ ሰዎችም ሥራችን ይቀራል ብለው ተጨነቁ። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 በአሜሪካ 76,945 ፖስታ ቤቶች ነበሩ፤ የገጠር እደላ ሲስፋፋ ቁጥራቸው እየቀነሰ ሄደ።

ኮንግረስ የሚባለው ምክር ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1893 ለሙከራ 10,000 ዶላር ፈቀደ። ሥራው ግን ወዲያው አልተጀመረም። ሦስት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ እንደነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 1 ቀን 1896፣ ዌስት ቨርጂኒያ በሚባለው ክፍለ ሀገር በሦስት ቦታ ተጀመረ። ቦታዎቹ ቻርልስ ታውን፣ ሆልታውንና ዩቪላ ይባላሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ በ29 ክፍለ ሀገሮች 44 መስመሮች ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1902 ሙከራ መሆኑ ቀርቶ ቋሚ አገልግሎት ሆነ።

ፖስተኛው ፈረሱንና ጋሪውን ራሱ ያቀርብ ነበር። ደብዳቤ ማደል ብቻ አልነበረም ሥራው። ቴምብር ይሸጣል። የአደራ ደብዳቤ ይቀበላል። ገንዘብ መላክ የፈለገ ሰው ሲያገኝ ጉዳዩን ተቀብሎ ያስፈጽማል። በመንኮራኩር ላይ የተቀመጠ ፖስታ ቤት በሉት። እ.ኤ.አ. ከ1913 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ከባድ ጥቅል ዕቃም በፖስታ መላክ ተፈቀደ።

መንገድ ያልሠራ ደብዳቤ አያገኝም

አገልግሎቱ እንዲሁ በነፃ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። መንግሥት «እናመጣለን፤ እናንተ ደግሞ ድርሻችሁን አድርጉ» አለ። የፈለገ መንደር ማመልከቻ ጽፎ፣ ፈርሞ ለምክር ቤት ተወካዩ ማቅረብ ነበረበት። ከዚያ መንገዱ ይታያል። ጋሪ ክረምት ከበጋ ያልፍበታል? ወንዙ ድልድይ አለው? ፖስተኛው እየወረደ የሚከፍተውና የሚዘጋው የአጥር በር በመንገዱ ላይ አለ? መንገዱ ካልተስማማ ማመልከቻው ይመለሳል። በመቶ የሚቆጠሩ ማመልከቻዎች በዚህ ምክንያት ተመልሰዋል።

ታዲያ ገበሬዎቹ ምን አደረጉ? ቁጭ ብለው አላማረሩም። ኢንዲያና በሚባለው ክፍለ ሀገር የአንድ ወረዳ ገበሬዎች ከኪሳቸው ከ2,600 ዶላር በላይ አዋጥተው መንገዳቸውን አስደልድለው ጠጠር አስለበሱት። የየአካባቢው አስተዳደርም ተነሣ። ከ1897 እስከ 1908 ለድልድይ፣ ለውኃ ማሳለፊያ ቦይና ለመንገድ ማሻሻያ 72 ሚሊዮን ዶላር እንዳወጡ ይገመታል።

ልብ በሉ። መንገዱ የተሠራው ለደብዳቤ ነው። ከተሠራ በኋላ ግን እህል ወጣበት፤ ወተት ወጣበት፤ ሐኪም ገባበት።

የቆርቆሮው ዘመን

መንገዱ ተሠራ፤ ፖስተኛውም መጣ። ደብዳቤውን የት ያስቀምጠው? መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ገበሬ ያገኘውን ዕቃ አጥሩ ላይ ቸነከረ። አንዱ የሳሙና ሣጥን፣ ሌላው የስብ ባልዲ፣ ሌላው የሽሮፕ ቆርቆሮ። ዝናብ የሚገባበት አለ። ክዳኑ ነፋስ የሚወስደው አለ። የሽሮፕ ቅሪት ያለበት ደግሞ ወረቀቱን ያጣብቃል። ፖስተኛው በየቤቱ ከጋሪው እየወረደ ክዳን ሲታገል ቀኑ ይመሽበታል። የመጨረሻዎቹ ቤቶች ደብዳቤ ሳያገኙ ያድራሉ። እንግዲህ የአንዱ ሰው መጥፎ ሣጥን ሌሎቹንም ጎዳ ማለት ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ሣጥኖችን እየመረመረ የሚሆኑትን ብቻ መፍቀድ ጀመረ። ሣጥኑ ከመንገዱ ዳር እንዲቆም፣ ፖስተኛው ከጋሪው ሳይወርድ እንዲደርስበት አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1915 ሮይ ጆሮልማን የሚባል የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ አንድ ሣጥን ነደፈ። ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ጣራው እንደ ግማሽ በርሜል የጎበጠ ነው። ጣራው ስለጎበጠ ዝናብና በረዶ አይቆምበትም፤ ይንሸራተታል። ወለሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ደብዳቤው ተዘርግቶ ይተኛል። በሩ ከፊት ለፊት ነው። በጎኑ የምትነሣና የምትወርድ ትንሽ ባንዲራ አለችው። ይህ ሣጥን ዛሬም በአሜሪካ መንገድ ዳር ሁሉ ይታያል።

ሣጥኑ የት ይተከል?

አሁን ወደ ልኩ እንግባ። ዛሬ በአሜሪካ መንገድ ዳር የሚቆም ሣጥን የሚከተለው ሥርዓት አለው። ልኩን በእኛም መለኪያ እናስረዳለን። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል፣ አንድ ስንዝር ከ20 ሳንቲሜትር ትንሽ በለጥ ያለ እንደሆነ አስቡ።

1ኛ. ቁመት። ከመንገዱ ወለል እስከ ሣጥኑ ታች ያለው ከ104 እስከ 114 ሳንቲሜትር ይሆናል። ይህ ሁለት ክንድ ከጥቂት ጣት ነው። አንድ አባት «ሦስት ክንድ ቢሆንስ ምን ለውጥ አለው?» ይሉ ይሆናል። ለውጥ አለው። ፖስተኛው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚያድለው። እጁን በመስኮት ሲዘረጋ ሣጥኑ ከትከሻው በላይ ከሆነ መነሣት አለበት፤ ከጉልበቱ በታች ከሆነ ማጎንበስ አለበት። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደለም። በቀን በመቶ የሚቆጠር ሣጥን ሲሆን ግን ወገብ ይቆርጣል።

2ኛ. ርቀት። ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ሣጥኑ በር ያለው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ነው። ከስንዝር ጥቂት ያነሰ ማለት ነው። ወደ መንገዱ ከገባ መኪና ይገጨዋል። ወደ ውስጥ ከራቀ እጅ አይደርስበትም። ጠርዝ የሌለው መንገድ ከሆነ ባለቤቱ ከመትከሉ በፊት የአካባቢውን ፖስታ ቤት ኃላፊ ጠይቆ ቦታውን ያስመለክታል።

3ኛ. ጎን። ሣጥኑ ፖስተኛው በሚሄድበት አቅጣጫ ከመንገዱ በስተቀኝ ይቆማል። አሜሪካ መኪና የሚነዳው በቀኝ መስመር ነው፤ የሌላው መኪና መሪ በግራ ነው። ብዙዎቹ የፖስታ መኪናዎች ግን መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። ለምን ቢባል ፖስተኛው መንገድ ሳያቋርጥ፣ ሳይወርድ ሣጥኑን እንዲከፍት ነው።

4ኛ. ምሰሶ። ጎንና ጎኑ 10 ሳንቲሜትር የሆነ እንጨት ወይም 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ ይበቃል። ወደ መሬት የሚገባውም ከ60 ሳንቲሜትር አይበልጥ ይላሉ። እዚህ ላይ ገበሬ ሊገርመው ይችላል። እኛ ምሰሶ ስንተክል ጠልቆ እንዲጠነክር አይደል የምንፈልገው? እነሱ ግን ከልክ በላይ እንዳይጠነክር ይመክራሉ። ከባድ ብረት፣ የኮንክሪት ምሰሶ፣ ኮንክሪት የተሞላ የወተት ጋን፣ ያረጀ የእርሻ መሣሪያ አትጠቀሙ ይላሉ። ምክንያቱ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ቢገጨው ምሰሶው ይውደቅ እንጂ ሰው አይሙት ነው። ሣጥን ይተካል፤ ሰው አይተካም።

5ኛ. ቁጥር። የቤቱ ቁጥር ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ባለው አኃዝ፣ ከሩቅ በሚለይ ቀለም ይጻፋል። ሣጥኑ የቆመው ቤቱ ካለበት ጎዳና ሌላ ላይ ከሆነ የጎዳናው ስም ጭምር መጻፍ አለበት።

6ኛ. ባንዲራ። ባለቤቱ የሚላክ ደብዳቤ ቴምብር ለጥፎ ሣጥኑ ውስጥ ካስቀመጠ ባንዲራዋን ያነሣል። ፖስተኛው አይቶ ይቆማል፤ ደብዳቤውን ይወስዳል፤ ባንዲራዋን ያወርዳል። ለባለቤቱ የመጣ ደብዳቤ ባይኖርም እንኳ ይቆማል። ያለ ንግግር መግባባት ይህ ነው።

7ኛ. ቁልፍ። ሣጥኑን መቆለፍ ይቻላል። ፖስተኛው ግን ቁልፍ አይዝም። ስለዚህ የተቆለፈ ሣጥን ደብዳቤ የሚገባበት በቂ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል።

8ኛ. መንገድ ማጽዳት። በክረምታቸው በረዶ ይወርዳል። ከሣጥኑ ፊት በረዶውን መጥረግ የባለቤቱ ሥራ ነው። የተናካሽ ውሻ ባለቤትም ውሻውን ማሰር አለበት። ውሻ ከተለቀቀ ፖስተኛው ደብዳቤውን ሳይሰጥ የማለፍ መብት አለው።

በር ላይ በሚከፈት ቀዳዳ የሚቀበሉ ቤቶችም አሉ። እዚያም ልክ አለው። ቀዳዳው ቢያንስ ወደ 4 ሳንቲሜትር ከፍታና ወደ 18 ሳንቲሜትር ርዝመት ይኖረዋል። ከወለሉም ቢያንስ 76 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ፖስተኛው መሬት ድረስ እንዳያጎነብስ ነው።

ስምንቱን ሥርዓቶች ደግማችሁ ብታነቡ አንድ ነገር ታያላችሁ። ያለ ምክንያት የተጻፈ የለም። ግማሹ ለፖስተኛው ወገብና ክንድ የታሰበ ነው፤ ግማሹ ደብዳቤው እንዳይጠፋ፣ መንገደኛም እንዳይጎዳ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ልኩን ለመጠበቅ ዘበኛ አያስፈልገውም።

ሣጥኑ የማነው?

ሣጥኑን የሚገዛው ባለቤቱ ነው። የሚተክለውም የሚጠግነውም እሱ ነው። ውስጡ ግን የፖስታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣ ሕግ ቴምብር ያልተለጠፈበትን ወረቀት፣ ለምሳሌ የነጋዴ ማስታወቂያ፣ ማንም ሰው ሣጥኑ ውስጥ ማስገባት አይችልም። ጎረቤትም ቢሆን አይፈቀድለትም።

የሰው ደብዳቤ መስረቅ ደግሞ ትልቅ ወንጀል ነው። እስከ 5 ዓመት እስራት ያስፈርዳል። ሣጥኑ መንገድ ዳር፣ ማንም በሚያልፍበት ቦታ ሳይቆለፍ ቆሞ እንኳ ሕጉ ይጠብቀዋል። ደብዳቤ የግል ነገር ነው። ምሥጢር አለበት፤ ገንዘብ አለበት፤ የቤተሰብ ገበና አለበት።

ሁሉም በየደጁ አይደለም

አሜሪካ ሁሉ ሰው በየደጁ ይቀበላል ማለት ግን አይደለም። በየደጁ ማደል ወጪው ከፍተኛ ነው። ስለዚህ አዲስ በሚሠሩ መንደሮች ውስጥ ዛሬ የሚመረጠው የጋራ ሣጥን ነው። ብዙ ትንንሽ ሣጥኖች በአንድ ቦታ ተደርድረው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱ ቁጥርና የየራሱ ቁልፍ አለው። ፖስተኛው አንድ ቦታ ቆሞ የመንደሩን ሁሉ ያድላል። አዲስ ቤት የሠራ ሰው የአደላውን ዓይነት ራሱ አይወስንም፤ ፖስታ ቤቱን ማስፈቀድ አለበት።

በሕመም ወይም በአካል ጉዳት እስከ ሣጥኑ መሄድ የማይችል ሰው ደግሞ አለ። እሱ የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ ደብዳቤው እበሩ እንዲመጣለት ማመልከት ይችላል። ሥርዓት ለሁሉም አንድ ሆኖ ለደካማው ቦታ ሲተው ጥሩ ነው።

የኛስ ነገር እንዴት ነው?

በአገራችን መልእክተኛ ጥንትም ነበር። የጌታውን ደብዳቤ በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ ተራራና ሸለቆ የሚያቋርጥ እግረኛ ነበር። ዘመናዊ ፖስታ የተቋቋመው ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ በኅብረቱ አገሮች ሁሉ ይታወቃል።

እኛ ዘንድ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚመጣው ፖስታ ቤት ውስጥ በሚከራይ ሣጥን ነው። ፖ.ሣ.ቁ. የሚለውን ጽሑፍ በብዙ መሥሪያ ቤት ታፔላና ማኅተም ላይ አይታችኋል። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ማለት ነው። ሣጥኑን የተከራየ ሰው ወይም ድርጅት ቁልፍ አለው፤ ሄዶ ከፍቶ ይወስዳል። ገጠር ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የራሱ ሣጥን የለውም። ስለዚህ ደብዳቤው በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በቀበሌ ወይም በማኅበር ሣጥን በኩል ይመጣለታል። «በእገሌ በኩል» ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ይህ የጋራ ሣጥን ነው። አሜሪካኖቹ በአዲስ መንደር የሚያቆሙት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ቁልፉ ላይ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቁልፍ አለው። እዚህ ቁልፉ አንድ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ የብዙ ሰው ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው ከሣጥኑ ከወጣ በኋላ እስከ ባለቤቱ እጅ ያለውን መንገድ ማን ይጠብቀዋል? ከቢሮ ጠረጴዛ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ እረኛ ኪስ፣ ከዚያ የት እንደገባ ላይታወቅ ይችላል።

ለጋራ ሣጥን የሚሆን ሥርዓት

የጋራ ሣጥን ያለው ቀበሌ ወይም ማኅበር በስብሰባው ተነጋግሮ የሚከተሉትን ቢወስን ይጠቀማል።

ቁልፉን የሚይዝ አንድ ሰው ይመረጥ። ፖስታ ቤት የሚሄድበት ቀን ይታወቅ፤ የገበያ ቀን ቢሆን ይመቻል። ሲቀርም ማን እንደሚተካው ይወሰን።

መዝገብ ይከፈት። አራት ረድፍ ይበቃዋል፦ ደብዳቤው የመጣበት ቀን፣ የባለቤቱ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የተረከበበት ቀን፣ ፊርማ። ፊደል የቆጠረ ሰው ስሙን ይፈርማል። በአውራ ጣት መፈረም ያለበት ካለም ይፈርም።

የታሸገ ደብዳቤ ባለቤቱ ሳይኖር አይከፈት። ባለቤቱ ማንበብ ባይችልም የሱ ነው። ማን እንዲያነብለት እንደሚፈልግ የሚመርጠው እሱ ነው። ያነበበለትም ሰው ያየውን በሆዱ ይያዝ።

ደብዳቤ ለሕፃን አይሰጥ፤ ለመንገደኛም አይሰጥ። ባለቤቱ ወኪል ካለው የወኪሉ ስም አስቀድሞ መዝገብ ላይ ይጻፍ።

ያልተረከቡ ደብዳቤዎች ስም ዝርዝር በር ላይ ይለጠፍ። አሁን አንባቢው ስለበዛ ዝርዝሩን አይቶ ለጎረቤቱ የሚነግር አይጠፋም።

በቢሮው ግድግዳ ላይ የደብዳቤ ማስገቢያ ሣጥን የሚሠራ ካለ ደግሞ ልኩን ከላይ ካየነው መውሰድ ይችላል። ከጣራው ክፈፍ ሥር ይሁን፤ ዝናብ እንዳይመታው። ከመሬት ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ይበል፤ ጎርፍና ፍየል እንዳይደርስበት። ክዳኑ ወደ ፊት ያዘቅዝቅ። ቁልፍ ይኑረው። በላዩም «ደብዳቤ» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።

ፖስታው ላይ ምን ይጻፍ?

ሣጥኑ ቢስተካከልም አድራሻው ከተበላሸ ሁሉም ከንቱ ነው። ደብዳቤ ስትልኩ እንዲህ ጻፉ። በፖስታው መካከል በመጀመሪያው መስመር «ይድረስ ለ» ብላችሁ የተቀባዩን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ጻፉ። በአንድ ቀበሌ አምስት አበበ ሊኖር ይችላል፤ አበበ ተሰማም ሁለት ሊኖር ይችላል። አያት ሲጨመር ይለያል። በሁለተኛው መስመር በማን በኩል እንደሚደርስ ጻፉ። በሦስተኛው ፖ.ሣ.ቁ. ብላችሁ ቁጥሩን። በአራተኛው ፖስታ ቤቱ ያለበትን ከተማ። ቴምብሩ በቀኝ በላይኛው ማዕዘን ይለጠፋል። የራሳችሁን ስምና አድራሻ ደግሞ በግራ በላይኛው ማዕዘን ወይም ከጀርባ ጻፉ። ተቀባዩ ቢታጣ ደብዳቤው ወደ እናንተ የሚመለሰው በዚያ ነው።

ቁጥሩን በጥንቃቄ ጻፉ። 1 እና 7፣ 0 እና 6 እንዳይመሳሰሉ። በአንድ አኃዝ ስሕተት ደብዳቤው ሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ ይገባል። የከተማውንም ስም አታሳጥሩ።

የማኅበራችሁን ወይም የቀበሌያችሁን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ታውቁታላችሁ? የማታውቁ ከሆነ በሚመጣው ስብሰባ ጠይቁ፤ በደብተራችሁም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። ከተማ ላለ ልጃችሁም ሆነ ውጭ አገር ለሄደ ዘመዳችሁ ቁጥሩን ላኩ። ከዚያ ቁልፉን ማን እንደያዘና ሣጥኑ መጨረሻ የተከፈተው መቼ እንደሆነ ጠይቁ።